ከቁራሽ እስከ ክሬዲት

በጎጃም የቅኔ ቤቶች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅና ጢሙን ያበቀለ ጎልማሳ በአንድ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለው ይቀኙ ነበር። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት የሚሻገረው ዓመት ስለ ቆጠረ አልነበረም። መምህሩ አድምጠውና ፈትነው «ሂድ» ሲሉት ነበር። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ ከእናት ከአባቱ ቤት የወጣውን ይህን ልጅ የሚያኖረው ደግሞ መንደሩ ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ ይዘረጋለት ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ዕድሜ የማይጠይቀውን የዕውቀት መሰላልና መሰላሉን የሚወጣውን ልጅ የሚመግበውን መንደር፣ አንድ ላይ እንያዛቸው። ኋላ ላይ እንፈልጋቸዋለን።

ዛሬ የብዙዎቻችን ዘመዶች በሚኖሩባት በሲያትል፣ የ16 ዓመት ልጅ ጠዋት ከእኩዮቹ ጋር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይውልና ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሮ ኮሌጅ ይገባል። እዚያ ከጎኑ የምትቀመጠው ነርስ ለመሆን የምትማር፣ የልጆች እናት የሆነች ሴት ልትሆን ትችላለች። መምህሩ ለሁለቱም አንድ ፈተና ይሰጣል። ልጁ ያለፈውን ኮርስ ሁለቱም ቤቶች ይቆጥሩለታል፤ ለሁለተኛ ደረጃ መመረቂያውም ለኮሌጅ ክሬዲቱም ይያዝለታል። በዋሽንግተን ግዛት ይህ አሠራር ራኒንግ ስታርት ይባላል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በሕግ የጸደቀ ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በግዛቱ የማኅበረሰብና የቴክኒክ ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቁ ይማራሉ። በርትቶ 90 ክሬዲት የሞላ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውንና የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪውን በአንድ ሰሞን ይቀበላል። በሌሎች ግዛቶች ስሙ ይለያያል፤ በጥቅሉ ድርብ ምዝገባ ልንለው እንችላለን። በ2022/23 የትምህርት ዘመን በመላው አሜሪካ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚህ መንገድ የኮሌጅ ኮርስ ወስደዋል። በማኅበረሰብ ኮሌጆች ከአምስት ተማሪዎች አንዱ ያህል ገና ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ነው።

ብዙ ወላጅ ይህን እንደ አዲስ ነገር ያየዋል። አዲሱ ግን በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል የቆመው ግንብ ነው። በ1636 የተመሠረተው ሃርቫርድ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመቱ ልጆችን ይቀበል ነበር። ኋላ ስመ ጥር ሰባኪ የሆነው ኮተን ማዘር በ1674 ሲገባ 12 ዓመት እንኳ አልሞላውም። የሚጠየቀው ላቲንና ግሪክ ማወቁ ነበር፤ ለየኔታዎቻችን እንግዳ የሚሆን ሥርዓት አይደለም። የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚባለው ተቋም ራሱ የተወለደው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ስታንሊ ብራውን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ጋር ተማክረው፣ 12ኛን ለጨረሱ ስድስት ተማሪዎች እዚያው ግቢ ውስጥ የኮሌጅ ትምህርት ጀመሩ። ዛሬ በአገሩ ሁሉ የተዘረጉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ከዚያ ዘር የበቀሉ ናቸው።

ታዲያ ግንቡን ማን ሠራው? መልሱ ከጡረታ ጋር የተያያዘ ነው። በ1905 ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ወዲያው አንድ ጥያቄ ገጠመው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ኮሌጆች የሁለተኛ ደረጃ ልጆችንም ደባልቀው ያስተምሩ ስለነበር የትኛው ቤት ኮሌጅ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ የሚለይ መስፈሪያ አልነበረም። በ1906 መስፈሪያው ወጣ። ኮሌጅ ለመባል የሚፈልግ ቤት የአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ ማለትም 14 አሃድ የጨረሰ ተማሪ ብቻ መቀበል ይኖርበታል፤ አንዱ አሃድ ደግሞ በዓመት ውስጥ 120 ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው። መምህሩ ጡረታ እንዲያገኝ ኮሌጁ ይህን መቀበል ነበረበት፤ ኮሌጅ መግባት የሚፈልግ ልጅ ያለው ትምህርት ቤትም እንዲሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሩ ትምህርት በሰዓት የሚሰፈር ሆነ። ልጁ ምን ያህል እንዳወቀ ለመጠየቅ ታስቦ የተጀመረ አልነበረም፤ ግን ልጁ የሚመዘንበት ሚዛን ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግንቡ ሲሸነቆርና ሲደፈን የሚታይበት ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሃቺንስ 10ኛን የጨረሱ ልጆችን ወደ ኮሌጅ አስገቡ፤ ከ1942 ጀምሮም ዲግሪ ሰጧቸው። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ግን ያን ዲግሪ ከራሳቸው ጋር እኩል አድርገው ለማየት አመነቱ፤ ሃቺንስ ሲለቁ እቅዱም ብዙ ሳይቆይ ከሰመ። ያቺ ችግር እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ናት። በ1944 አትላንታ ያለው ሞርሃውስ ኮሌጅ ወጣቶቹን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለወሰደበት 12ኛን ያልጨረሱ ልጆችን በፈተና ተቀበለ። ከገቡት አንዱ የ15 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። በ1951 የኮርያ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ ዬል፣ ኮሎምቢያ፣ ቺካጎና ዊስኮንሲን ገና 17 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች አስገቡ፤ ሐሳቡ ለውትድርና ከመጠራታቸው በፊት ሁለት ዓመት ኮሌጅ እንዲማሩ ነበር። በ1955 የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ኮርሱን ራሱን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወሰደው። በ1985 ሚኒሶታ በገዥው በሩዲ ፐርፒች ግፊት መብቱን በሕግ ለሁሉም የግዛቱ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች በመስጠት የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ዋሽንግተንም ተከተለች።

ይህን ሁሉ ደርድሬ ሳየው አንድ ነገር ይታየኛል። በሩ ለልጁ ሲባል ብቻ የሚከፈተው ጥቂት ጊዜ ነው። ጦርነት ወንበሩን ባዶ ሲያደርገው ይከፈታል፤ ሠራዊቱ ወጣት ሲጠራ ይከፈታል። በእኛም ዘመን የማኅበረሰብ ኮሌጆች ተማሪ ከ2010 ወዲህ እየሳሳ ሲሄድ፣ ባዶውን ወንበር በብዛት የሞሉት እነዚህ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ናቸው። ይህ በሩን ክፉ አያደርገውም። የሞርሃውስ ወንበር በጦርነት ምክንያት ባዶ ሆነ፤ የተቀመጠበት ልጅ ግን አገር ለወጠ። ነገር ግን በሩን የሚከፍተው ሰው የራሱ ጉዳይ ካለው፣ የልጁን ጉዳይ የሚጠይቅ ሌላ ሰው መኖር አለበት።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ የማከብረው አንድ ምዕራፍ አለ። በ1974 በኒውዮርክ ኩዊንስ፣ ጃኔት ሊበርማን የተባሉ ምሁር በላጋርዲያ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ሚድል ኮሌጅ ሃይስኩል የሚባል ትምህርት ቤት አስከፈቱ። እስከዚያ ድረስ ኮሌጅን ቀድሞ መቅመስ የጎበዞች ሽልማት ነበር። ሊበርማን የጠሩት ግን ትምህርቱን ሊያቋርጡ የተቃረቡትን፣ ማንም ተስፋ ያላደረገባቸውን ልጆች ነው። ልጁ በየቀኑ ኮሌጅ ግቢ ቢውል፣ የኮሌጅ ተማሪ ሲያነብና ሲሮጥ ቢያይ፣ ራሱን እንደዚያ ማየት ይጀምራል ብለው አመኑ። አብረውም አማካሪ፣ ትንሽ ክፍል፣ በስሙ የሚያውቀው መምህር ሰጡት። ከ2002 ወዲህ በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በብዙ ግዛቶች የተስፋፉት «ኧርሊ ኮሌጅ» ትምህርት ቤቶች ከዚህ የተቀዱ ናቸው። በዕጣ የገቡና በዕጣ የቀሩ ልጆች ተነጻጽረው ሲጠኑም የገቡት ዲግሪ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሊበርማን ያወቁትን የጎጃም መንደርም ያውቀው ነበር፤ መሰላሉ ብቻውን ልጅ አያወጣም፣ ቁራሽ ያስፈልጋል።

እኛስ በአገራችን? እኛም ይህን ግንብ ወዲያና ወዲህ ስንገፋው ኖረናል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየለቀመ 12ኛን በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ያስተምር ነበር። የገበሬው ልጅ ከፕሮፌሰሩ ደጅ ቀረበ፤ መኝታውና ምግቡ ተችሎት ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ የፍሬሽማን ትምህርት ወደ 11ኛና 12ኛ ወርዶ መሰናዶ ተባለ፤ አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም በሦስት ዓመት የሚያልቅ ሆነ። በወረቀት ሲታይ የአገሩ የመሰናዶ ተማሪ ሁሉ የኮሌጅን የመጀመሪያ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ሊማር ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ግን አብረው አልወረዱም። የኮርሱ ስም ወረደ፣ ኮርሱ እዚያው ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሬሜዲያል ብለው የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት መልሰው ማስተማር ጀመሩ። ግንቡ በተቃራኒው አቅጣጫ ተገፋ ማለት ነው።

የመሰናዶውን ዘመን ያየ ሰው የአሜሪካን ድርብ ምዝገባ ሲመለከት ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። እዚያም ኮርሱ በሁለት መንገድ ይሰጣል፤ ልጁ ኮሌጅ ይሄዳል ወይም ኮርሱ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ይመጣና የራሱ መምህር ያስተምረዋል። ሁለተኛው መንገድ ምቹ ነው፤ አውቶቡስ አይጠይቅም፣ ዋሽንግተን ግዛትም በ2023 በሕዝብ ኮሌጆቿ በኩል በነጻ እንዲሆን ደንግጋለች። ጥሩነቱ ግን በመምህሩ ይወሰናል። ከኮሌጁ ጋር የሚመክር፣ የትምህርት መስኩን ጠልቆ የተማረ መምህር ካለ ትምህርቱ ኮሌጅ ነው። ከሌለ የእኛ መሰናዶ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ወዲህ በሲያትል፣ በሚኒሶታ መንትያ ከተሞች፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሰፈሩ ቤተሰቦቻችን ልጆቻቸውን ለትምህርት ብለው ይዘው ሄደዋል። አባት ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። የድርብ ምዝገባው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከልጁ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፤ የመረጃ ስብሰባው የሚጠራው እናቲቱ ሥራ በምትገባበት ምሽት ነው። በአሜሪካ በድርብ ምዝገባ ውስጥ ጥቁር ተማሪዎችና የድሃ ቤተሰብ ልጆች ከቁጥራቸው ያነሰ ድርሻ እንዳላቸው በየጊዜው ተጠንቷል። ሁሉም የጉብዝና ጉዳይ አይደለም፤ ብዙው ወሬው ለማን ደረሰ የሚል ጉዳይ ነው። ቀድሞ የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ 9ኛ ክፍል ሳለ ይነገረዋል፤ የእኛ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው 12ኛ ገብቶ፣ ግማሹ ዕድል ካለፈ በኋላ ነው።

ወሬው የደረሰውም ቤተሰብ ሁሉንም አይሰማም። የትምህርት ክፍያው ነጻ ነው ሲባል መጽሐፉና መጓጓዣው በአብዛኛው ከቤት እንደሚወጣ አይነገርም። በ16 ዓመት የተገኘ የኮሌጅ ውጤት የዘላለም መዝገብ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የተመዘገበ ኤፍ ልጁ 19 ዓመት ሞልቶት የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ሲጠይቅ አብሮት ይቀርባል። ክሬዲቱም በሁሉም ቤት እኩል አይመነዘርም። የግዛቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል፤ የግል ዩኒቨርሲቲዎች እንደየፈቃዳቸው ናቸው። የሃቺንስን ተማሪዎች የገጠማቸው ይኸው ነበር። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ክሬዲት እየለቀመ ይሮጥና የሚማረውን ሳይመርጥ ሁለት ዓመት ይጨርሳል፤ ኢንጂነሪንግ ሊገባ የሚያስብ ልጅ ካልኩለስ ሳይወስድ 90 ክሬዲት ቢሞላ ያተረፈው ጊዜ ይቀልጥበታል።

እነዚህን የሚያውቅ አንድ ሰው በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱ፣ በየዕድሩ ቢኖር ብዙ ይተርፋል። ኮሌጅ ገብተው የወጡ ወጣቶቻችን አሉ። ለታናናሾቻቸው ያጠኑበትን መጽሐፍ ቢያወርሱ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሒሳብ ቢያስጠኑ፣ ለወላጅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ቢያስረዱ፣ ያ የዘመኑ ቁራሽ ነው።

በራኒንግ ስታርት ልጁ በየሩብ ዓመቱ የሚያስሞላው ቅጽ አለ፤ የትምህርት ቤቱ አማካሪና ዕድሜው 18 ካልሞላ ወላጁ ይፈርሙበታል። ያ ቅጽ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ቆማችሁ አትፈርሙ። ልጁን አስቀምጡትና የትኛውን ኮርስ፣ ለምን፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለውና መጽሐፉን ማን እንደሚገዛ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ነገ ጠዋት አብራችሁት ወደ አማካሪው ሂዱ፤ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ።