ሁለት ሂሳብ በአንድ ክንድ ላይ፦ የጠላቂዎች ኮምፒውተር ታሪክና ያላለቀው ክርክር

ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው ሁለት ሂሳብ ይዞ ነው የሚወርደው። አንደኛው ጀርባው ላይ በተሸከመው ሲሊንደር ውስጥ የቀረው አየር ነው፤ ሁለተኛው በደሙና በሥጋው ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን። የመጀመሪያው ካለቀ ሰውየው ይታፈናል። ሁለተኛው ሳይራገፍ በጥድፊያ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ሽባ ሆኖ ሊቀር፣ ሊሞትም ይችላል። ዛሬ የጠላቂ ኮምፒውተር ለመግዛት የሚነሳ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ከዚሁ ይመነጫል፦ ሁለቱን ሂሳብ በአንድ መሣሪያ ላይ ላንብብ ወይስ ለየብቻ? የሲሊንደሩን አየር ጭምር የሚያሳየው ኮምፒውተር ከማያሳየው ይወደዳል። ነገሩ የሸማች ጥያቄ ይመስላል። እኛ ግን መልሱ ከመደብሩ ይልቅ ታሪኩ ውስጥ ይገኛል ባዮች ነን። እስቲ መለስ ብለን እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማይታየው እዳ

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የምናየውን አረፋ እናስብ። ጋዙ ቀድሞም ውሃው ውስጥ ነበረ፤ ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ግን አይታይም። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ አረፋ ሆኖ ይፈላል። የጠላቂ ደምም እንዲሁ ነው። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚተነፍሰው አየር ግፊት ይጨምራል፤ ናይትሮጅኑም ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሹ ተመልሶ ይወጣለታል። ከቸኮለ ግን ሰውየው ራሱ የተከፈተ አምቦ ውሃ ሆነ ማለት ነው።

ይህን አጥርቶ ያስረዳው ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፖል ቤር ሲሆን፣ መጽሐፉ የወጣው በ1878 ነው። በሽታው ግን ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ጎድቷል። የኒውዮርኩ ብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ መሠረቱን የሚቆፍሩት ሠራተኞች ከወንዙ ሥር፣ በታመቀ አየር በተሞላ ግዙፍ ሣጥን ውስጥ ነበር የሚውሉት። ወደ ላይ ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ይዟቸው ይጎብጡ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 በዚሁ በሽታ ተመትቶ አልጋ ላይ ዋለ። ድልድዩ በ1883 እስኪመረቅ ድረስ የባሏን ትእዛዝ ወደ ሥራው ቦታ ስታደርስና ሥራውን ስትከታተል የኖረችው ሚስቱ ኤሚሊ ናት።

እዳውን በቁጥር ማስላት የተቻለው በ1908 ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ፍየሎችን በግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባና እያስወጣ አጠና። ፍየሎቹ እግራቸውን ማንሳት ሲጀምሩ በሽታው እንደያዛቸው ያውቃል። የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነው፦ ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስ ሰውነት ይችለዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እየቆሙ፣ እያረፉ መውጣት ያስፈልጋል። ሰውነትንም በአምስት ክፍል አስቦ፣ ፈጣኑ በ5 ደቂቃ፣ ዘገምተኛው በ75 ደቂቃ በግማሽ እንደሚሞላ አሰላ። ከዚህ የመጣው ሰንጠረዥ የጠላቂዎች መመሪያ ሆነ።

የሚታየው አየር

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሃልዴን ዘመን ጠላቂው ስለ አየር መጠን አይጨነቅም ነበር። አየሩ መርከብ ላይ በቆሙ ሰዎች ፓምፕ እየተገፋ በቱቦ ይመጣለታል። የአየር ሂሳብ ያዦቹ እነሱ ነበሩ። ይህ የተለወጠው በ1943 ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን የፈረንሳዩን የመተንፈሻ መሣሪያ ሲሠሩ ነው። ጠላቂው ከቱቦው ተፈታ፤ እንደ ዓሣ ነጻ ሆነ። በዚያው ልክ ግን የአየሩ ሂሳብ ከመርከቡ ወደ ራሱ ትከሻ ዞረ።

መጀመሪያ ላይ ይህን ሂሳብ የሚያሳይ ጌጅ አልነበረውም። በሲሊንደሩ አፍ ላይ አየሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ትንፋሽ የሚያከብድ ማስጠንቀቂያ ቫልቭ ይገጠም ነበር። ጠላቂው ትንፋሹ ሲከብድበት እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ዘንጉን ይስባል፤ የተጠበቀችው ጥቂት አየር ትለቀቅለታለች። ዘንጉ ሳያውቀው በድንጋይ ወይም በገመድ ተነክቶ ቀድሞ ወርዶ ከነበረስ? ያኔ የሚስበው ባዶ ነው። ውሃ ውስጥ የሚነበበው ባለ መርፌ ጌጅ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እየተስፋፋ ሲመጣ ነው ጠላቂው የቀረውን አየር በዓይኑ ማየት የለመደው።

እዳውን የሚያሰላ ማሽን

ሰንጠረዡም ጉድለት ነበረው። ጠላቂው ለ5 ደቂቃ 30 ሜትር ወርዶ ቀሪውን ጊዜ 12 ሜትር ላይ ቢያሳልፍ፣ ሰንጠረዡ ሙሉውን ጊዜ 30 ሜትር ላይ እንደነበረ አድርጎ ነው የሚቆጥርበት። ጥንቁቅ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይበላል።

በ1959 አንድ የጣሊያን ኩባንያ ጋዝ በተቦረቦረ ሴራሚክ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ በማድረግ እዳውን ለመለካት የሚሞክር መሣሪያ አወጣ። መላ ሰውነትን በአንድ ክፍል ብቻ ስለሚወክል ሁልጊዜ አይታመንም ነበር፤ ቀልደኛ ጠላቂዎችም «ቤንዶማቲክ»፣ በራሱ የሚያሳምም እንደማለት፣ ብለው ስም አወጡለት። እውነተኛው ኮምፒውተር የመጣው በ1983 ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦርካ የተባለው ኩባንያ «ኤጅ» የተሰኘውን፣ ሰውነትን በ12 ክፍል የሚያሰላ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ እንደ አላዲን ያሉ በእጅ የሚታሰሩ ኮምፒውተሮች ከአውሮፓ መጡ። ስሌታቸው ብዙውን ጊዜ የተቀዳው ከዙሪኩ ሐኪም ከአልበርት ቡልማን ነው። ቡልማን በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ባሉ ሐይቆች ስለሚጠልቁ ሰዎች ጭምር ያጠና ሰው ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ጋብቻው

ሁለቱ ሂሳቦች በአንድ መስኮት ላይ የተገናኙት በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በመጀመሪያ በቱቦ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሲሊንደሩ በኩል የሚገጠም ትንሽ አስተላላፊ ግፊቱን በሬዲዮ ወደ እጅ ሰዓቱ መላክ ጀመረ። ኮምፒውተሩ የቀረውን አየር ከማሳየት አልፎ «በዚህ አተነፋፈስህ ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቶሃል» ማለት ቻለ። ትልቅ እርምጃ ነው። ክርክሩም የጀመረው ያኔ ነው፦ ባትሪው ቢሞትስ? ምልክቱ ቢጠፋስ?

ደጋፊዎቹ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት የ947 ጠላቂዎችን ሞት መርምሮ፣ መነሻው ሊለይ ከቻለው ውስጥ 41 በመቶው የጀመረው በአየር ማነስ መሆኑን አሳይቷል። ሰዎቹ በአብዛኛው ጌጅ ነበራቸው ብሎ መገመት አይከብድም። ጌጅ ግን ካላዩት አይናገርም። ቁጥሩን ጠላቂው ዘወትር የሚያየው ቦታ ላይ ማምጣት እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተቃዋሚዎቹም ማስረጃ አያጡም። በ1995 የተሠሩ አላዲን ኤር ኤክስ ናይትሮክስ የተባሉ ኮምፒውተሮች አየሩንም እዳውንም በአንድ ላይ የሚያነቡ ነበሩ። ናይትሮክስ ኦክስጅን የተጨመረበት፣ ናይትሮጅኑ ያነሰ አየር ነው። ኮምፒውተሮቹ ግን ጠላቂው ከውሃ ወጥቶ ተራውን አየር በሚተነፍስበት ሰዓትም ናይትሮክስ እንደሚተነፍስ ቆጥረው እዳውን ከእውነቱ ፈጥነው ይሰርዙ ነበር። በ2003 ከገዢዎች እንዲመለሱ ተጠሩ። መስኮቱ አልጠፋም፣ ባትሪውም አልሞተም። ቁጥሩ ብቻ ልክ አልነበረም።

ታዲያ የትኛው ይገዛ?

የእኛ አስተያየት ከሁለቱ ሂሳቦች ልዩነት ይነሳል። የአየሩ ሂሳብ ከውሃ ስንወጣ ይዘጋል። የናይትሮጅኑ ግን ተከትሎን ይመጣል። በተለይ ለእኛ ለደገኞቹ! አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ይህም በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ይቀራረባል። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ ተራ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12፣ ለቀናት ከተደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አትብረሩ ይላል። ጅቡቲ ጠልቆ በመኪናም ሆነ በባቡር ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ሳይበር በረረ ማለት ነው። የቡልማን የተራራ ሐይቆች ጉዳይ እኛንም ይመለከታል ያልነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማይታየውን እዳ እንዴት እንደሚያሰላ፣ ከፍታን ያውቅ እንደሆነ፣ ከጠለቃ በኋላ የመቆያ ሰዓቱን በግልጽ ያሳይ እንደሆነ ነው። ኪስ ከፈቀደና መተንፈሻው የራስ ከሆነ አየር የሚያነበውን መግዛት ጥሩ ነው፤ ባለ መርፌውን ጌጅ ግን ማንም አይፍታው። በየሄደበት መተንፈሻ ለሚከራይ ሰው አስተላላፊው ብዙም አይጠቅመውም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ደግሞ፣ አየር የማያነብ ጥሩ ኮምፒውተርና አንድ ጌጅ የያዘ ጠላቂ ምንም አልጎደለበትም።

የብሩክሊን ሠራተኞች የሚያሰላላቸው አልነበረም። የዛሬው ጠላቂ ሁለት ሂሳብ ያዥ አለው፤ ሁለቱም ግን ቆጥረው ከመንገር በላይ ምንም አያደርጉም። ቀና ብሎ ወደ ላይ መውጣቱን የሚወስነው ራሱ ነው።