መንግሥቱ ወርቁ

መንግሥቱ ወርቁ (እ.ኤ.አ. 1940–2010) በጎንደር የተወለደ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ፣ በኋላም አሠልጣኝ ነበር። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያነሣችውን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ካስገኙት ተጫዋቾች አንዱ ነው።

የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) በአዲስ አበባ ከግብፅ ጋር ተደረገ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቴም አቻ ሆነች፤ ሁለተኛዋን የአቻ ጎል አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ያገባት በ84ኛው ደቂቃ ነበር። በጭማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ውጤቱን 3ለ2 አደረገ። መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛዋን ሲያክል ነገሩ አበቃ። በውድድሩ 3 ጎል አግብቶ የኮከብ ግብ አግቢነቱን ከግብፁ በደዊ አብደል ፈታህ ጋር ተጋርቷል። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል ያለው ሲሆን፣ ከኢትዮጵያውያን የሚስተካከለው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መራ። የሚገርመው፣ በጎል አግቢነት ስሙን ያስጠራው ሰው ያሠለጠነው ቡድን በሦስቱ ጨዋታዎች አንድም ጎል አላገባም፤ በዛምቢያና በናይጄሪያ ተሸንፎ ከአልጄሪያ ጋር 0ለ0 ተለያየ። ሆኖም እዚያ መድረሱ ራሱ ቀላል አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ዳግም ለውድድሩ የበቃችው ከ31 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መንግሥቱ ይህን ሳያይ ዐርፏል።