«አቤት» የሚለው ኮምፒውተር

በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የአፕል ኮምፒውተር የነበረው ሰው ፕሪንተሩን በገመድ አገናኝቶ ከዝርዝር መምረጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አፕልቶክ የተባለው ኔትወርክ መሣሪያዎቹን ያስተዋውቃቸው ነበር። ዓለም ወደ አይፒ ሲዞር ምቾቱ ቀረ፤ የአድራሻ ቁጥር በእጅ መሙላት መጣ።

የአፕሉ መሐንዲስ ስቱዋርት ቼሻየር ያንን ምቾት ለመመለስ ተነሣ። ውጤቱ በ2002 ራንዴቩ ተብሎ ወጣ፤ በንግድ ስም ክርክር ሳቢያ በ2005 ቦንዡር ሆነ። ኮምፒውተሩ በቤቱ ኔትወርክ ላይ «ፕሪንተር አለ?» ብሎ ይጣራል፣ ፕሪንተሩ «አቤት» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለሊኑክስ ይህንኑ የሠሩት ሌናርት ፖተሪንግና ትሬንት ሎይድ ናቸው። ስሙን በአንድ የማዳጋስካር እንስሳ አቫሂ አሉት። ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኡቡንቱ አዲስ የተጫነ ኮምፒውተር ለውጭ የተከፈተ ፖርት አይኑረው የሚል ደንብ ነበረው፤ አቫሂ ደግሞ ፖርት 5353 ላይ ካላዳመጠ ሥራ የለውም። በ2007 የወጣው ኡቡንቱ 7.04 ለአቫሂ ሲል ደንቡን አላላ።

የሠጉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በ2024 ካፕስ ብራውዝድ የተባለው ፕሪንተር ፈላጊ በፖርት 631 ከየትም የመጣን መልእክት አምኖ ሲቀበል ተገኘ፤ አጥቂ የሐሰት ፕሪንተር ሊያስገባበት ይችል ነበር። ጥፋቱ ግን የአቫሂ አልነበረም፤ የአቫሂ ጥሪ በተለምዶ የቤቱን ራውተር አያልፍም። ስለዚህ ፕሪንተር ባለበት ቤት አቫሂን ማጥፋት ራስን በከንቱ ማድከም ነው። ፕሪንተርም ሌላ ኮምፒውተርም በሌለበት ቤት ግን የሚጠራው የለም። ላፕቶፕ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የባለቤቱን ስም ተሸክሞ ካፌ ሲገባም ለማያውቀው ሁሉ «አቤት» ይላል።