የጠፋው አጥንትና የቀረው ጽሑፍ

የጥንት ፍጥረታትን ታሪክ የሚመረምር ሊቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ማስረጃ አጥንት ነው። አጥንቱ ራሱ የጠፋ እንደሆነ ግን ለትውልድ ምን ይቀራል? ስፓይኖሶረስ የተባለው ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1912 ሪቻርድ ማርክግራፍ የተባለ ቅሪተ አካል ሰብሳቢ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ፣ ባሕሪያ በተባለው ለምለም ስፍራ አካባቢ ያገኛቸውን አጥንቶች በሙኒክ ይሠራ ለነበረው ለጀርመናዊው ሊቅ ለኤርንስት ሽትሮመር ላከለት። የተገኘው የእንስሳው ሙሉ አካል አልነበረም፤ በዋናነት የታችኛው መንጋጋ ክፍል፣ ጥርሶችና የጀርባ አከርካሪዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ከአከርካሪዎቹ ላይ ሽቅብ የቆሙት የአጥንት ዘንጎች እጅግ የሚያስደንቁ ሲሆኑ፣ ረጅሙ 1.65 ሜትር ያህል ነበር። ሽትሮመር እያንዳንዱን አጥንት ለክቶና አሥሎ በ1915 ባሳተመው ጽሑፍ ለእንስሳው ስም አወጣለት፤ ትርጉሙም «የግብፅ ባለ እሾኽ እንሽላሊት» ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የናዚን አገዛዝ ይነቅፍ የነበረው ሽትሮመር ቅርሶቹ ከከተማው ወጥተው በአስተማማኝ ስፍራ እንዲቀመጡ አጥብቆ ቢያሳስብም የሚሰማው አላገኘም። በሚያዝያ 1944፣ ከ24 ለ25 አጥቢያ፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሙኒክን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ ሙዚየሙ ተቃጠለ፤ በዓለም ላይ አቻ ያልተገኘላቸው እነዚያ አጥንቶችም ዐመድ ሆኑ። ሽትሮመር ይህን ኀዘን እንደተሸከመ በ1952 ዐረፈ።

የ1915ቱ ጽሑፍና ሥዕሎቹ ግን አልጠፉም። በ1995 ልጁ ለሙኒኩ ተቋም ካስረከባቸው የአባቱ ሰነዶች መካከልም የአጥንቶቹ ፎቶግራፎች ተገኙ። በ2014 ኒዛር ኢብራሂምና ባልደረቦቹ ከሞሮኮ፣ ከኬም ኬም የተገኘውን ሌላ ጐደሎ አፅም ሲያስታውቁ፣ ማነጻጸሪያ የሆናቸው የሽትሮመር ሥራ ነበር። በ2020 ደግሞ የዚሁ አፅም ጅራት እንደ መቅዘፊያ ሰፊ መሆኑ ታወቀ። ሆኖም እንስሳው እየዋኘ ያድን ነበር ወይስ ከውሃው ዳር ቆሞ ዓሣ ይጠብቅ ነበር የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። የቱንም ሙያ የያዝን ብንሆን፣ በእጃችን ያለው ነገር ሳይጠፋ በትክክል ለክተን መመዝገብ፣ የመዝገቡንም ግልባጭ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ግዴታችን ነው። እሳት መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።