የጀብዱ ጉዞ ፎቶግራፍ በምዕራብ ጎንደር ቆላ

የጀብዱ ጉዞ ፎቶግራፍ አንሺው ከስቱዲዮና ከከተማ ርቆ፣ በተራራ፣ በበረሃ፣ በጫካና በወንዝ እየተጓዘ የሚያነሳው፣ የመንገዱ አስቸጋሪነት ከምስሉ የሚነበብበት የፎቶግራፍ ዘርፍ ነው። ገዢዎቹ መጽሔቶች፣ አሳታሚዎች፣ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ሆቴሎች፣ ግብረ ሠናይ ድርጅቶችና የማስታወቂያ ቤቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ሥራው ለረጅም ጊዜ የተሰባሰበው በስሜን ተራሮች፣ በአፋሮቹ ዳሎልና ኤርታ አሌ፣ እንዲሁም በባሌ ተራሮች ዙሪያ ነው። ከጎንደር ወደ ምዕራብ ሲወረድ የሚገኘው የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ግን እምብዛም ካሜራ ያላየው አገር ነው። የጭላዳ ፎቶ በየገበያው ሞልቷል፤ የመተማ ሰሊጥ አጨዳ፣ የዕጣን ደን ወይም የአልጣሽ ፓርክ አንበሳ ፎቶ ግን እምብዛም አይገኝም። ለአካባቢው ፎቶ አንሺ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው።

ታሪክ

በኢትዮጵያ ከቤት ውጭ በስፋት ፎቶ የተነሳው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ነው። ከጦሩ ጋር የመጡት የንጉሣዊ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶ አንሺዎች የመንገዱን ተራሮች፣ የሰፈሩን ድንኳኖችና የመቅደላን አምባ በመስታወት ነጋቲቭ ቀርጸዋል። ስለ መተማ አካባቢ ግን ከዚያ ዘመን የቀረው በአብዛኛው ጽሑፍና በእጅ የተሠራ ሥዕል ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1850ዎቹ ዓ.ም. በሰቲትና በአትባራ ወንዞች እያደነ በዚሁ ቆላ ሲያልፍ ያየውን በንድፍ ነበር የያዘው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበትን የመተማ ጦርነት እንኳ ዛሬ የሚያሳየን የሠዓሊ ብሩሽ ነው።

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ፎቶ አንሺዎች ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው። በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተወለደ፤ በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ አፋርን አቋረጠ። ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜም የሱዳን መከላከያ ኃይል መኮንን ሆኖ ከመተማ ማዶ ባለችው ገላባት ነበር። ወደ 38,000 የሚጠጉ ነጋቲቮቹ ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ቴሲገር የያዘው ቀላል ካሜራ ነበር፤ የሚጓዘውም ከሰዎቹ ጋር በእግርና በግመል ነበር። በምስሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንሺውን እንደ ባዳ የማያዩት በዚህ ምክንያት ይመስላል። ኋላ አሜሪካዊው ተራራ ወጪ ጋለን ሮዌል ይህንኑ አሠራር የሙያው መርህ አደረገው፦ አንሺው የጉዞው ተካፋይ እንጂ ተመልካች አይደለም።

በአገር ውስጥ ፎቶን የአገር መሸጫ ያደረጉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱን ሲመሩ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክርና ባለ ቀለም ፖስተሮቹን ለዓለም አስተዋወቁ። በቅርቡ ዘመን ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በዳሎል መልክዓ ምድር ላይ የሠራችው ባለ 12 ምስል «የውሃ ሕይወት» ይጠቀሳል። ሥራውን ያዘዘው ዋተርኤይድ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን በሚገኘው ሱመርሴት ሐውስ ታይቷል። አይዳ በ2003 ዓ.ም. የአዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ ለኢትዮጵያውያን አንሺዎች የገበያ በር ከፍታለች። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2019 ሪካርዶ ማርኬጂያኒ የተባለ ጣሊያናዊ ወጣት በስሜን ገደል ጫፍ ገና ሳይነጋ አድብቶ ባነሳት ጭላዳ፣ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር በ15–17 ዓመት ምድብ አሸንፏል።

የአልጣሽ አንበሶች

የምዕራብ ጎንደር ቆላ በዓለም ዜና ላይ የወጣበት ፎቶ ግን የሰው ጣት ያልነካው ነው። በቋራ የሚገኘው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ ሲሆን፣ ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በምዕራብ ከሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። አንበሳ እንዳለ የቋራ ሰው ያውቃል፤ ከብቱ የተበላበት ሊክደው አይችልም። የውጭ ተመራማሪዎች ግን ማስረጃ ይሹ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሐንስ ባወር የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት በሆነው በቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ድጋፍ ከቡድኑ ጋር ወደ አልጣሽ ገብቶ የካሜራ ወጥመዶችን አኖረ። አንበሶቹ በሌሊት ታዩ፤ ኮቴያቸውም ተገኘ። ዜናው በጥር ወር መጨረሻ ይፋ ሲሆን በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል ተገመተ።

የካሜራ ወጥመድ አሠራር ቀላል ነው። ውሃ በማያስገባ ሣጥን የታሸገ ካሜራ በዛፍ ግንድ ላይ ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ እስከ ወገብ ባለው ይታሰራል። ሙቀት ያለው አካል ፊቱ ሲንቀሳቀስ መቆጣጠሪያው ይነቃና ያነሳል፤ ሌሊት ደግሞ እንስሳው በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ያበራል። በቆላ ሁለት ነገር ያሰናክለዋል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው፦ ቀትር ላይ አየሩና የእንስሳው ገላ እኩል ስለሚግሉ ካሜራው ልዩነቱን አይለይም። ሁለተኛው ሣር ነው፤ ነፋስ ያወዛወዘው የጋለ ሣር ሚሞሪውን በባዶ ፎቶ ይሞላዋል። ስለዚህ በካሜራው ፊት ያለው ሣር ይታጨዳል፣ ካሜራውም ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ማለዳና ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳትገባበት ነው። የት እንደሚታሰር የሚያውቀው ግን መሣሪያው አይደለም። አይማ፣ ገለጉና ሽንፋ ወንዞች በበጋ ሲደርቁ የትኛው ኩሬ እስከ መጋቢት እንደሚቆይ፣ እንስሳውም በየትኛው ዳር ወርዶ እንደሚጠጣ የፓርኩ ጠባቂና እረኛው ይነግራሉ። ይህን የነገረ ሰው ስሙ ከፎቶው ሥር ሊጻፍ፣ ድካሙም ሊከፈል ይገባል።

ወቅትና ብርሃን

ከአዘዞ ተነስቶ በአይከልና በነጋዴ ባህር በኩል ወደ መተማ የሚወርደው አስፋልት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ በረሃ ያደርሳል። ቆላው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት አቆጣጠር ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ስለሆነ በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወርቃማ ብርሃን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። በሚያዝያ አጋማሽ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ትቆማለች፤ ሰው የራሱን ጥላ ይረግጣል፣ የፊት ዓይነ ጉድጓድ በጥቁር ይሞላል። በዚህ ሰዓት ፎቶ አንሺ ጥላ ሥር ሆኖ ፋይሉን ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ዋልካ አፈሩ ሲርስ መኪና ያስቀራል፤ ወደ ቋራ ጥልቀት መግባትም የማይታሰብ ይሆናል። ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። በጥቅምት ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮና ቆሞ ሲደርቅ ይታያል። ከዚያ ነዶው ተገልብጦ ሲራገፍ ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ይህን ለመያዝ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ በሰከንድ 1/1000 ማንሳት ይበቃል። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከደጋ የወረዱ ወጣቶች ናቸው። በዚያው በጋ ዋልያ መቀር የሚባለው የዕጣን ዛፍ ልጡ በስለት እየተፋቀ ይደማል፤ ቁስሉ በየጊዜው እየታደሰ ነጭ ሙጫ ያንጠባጥባል። ጠብታው ቅንጣት ስለሆነ ፊት ለፊት ከመጣ ብርሃን ይልቅ ከዛፉ ኋላ የሚመጣው ያደምቀዋል፤ ያኔ እንደ መስታወት ያበራል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ ጭጋግና ጭስ አድማሱን ይጋርዳል፤ እንስሳት ግን በቀሩት ኩሬዎች ስለሚሰባሰቡ ለዱር እንስሳት አንሺ ይህ ወቅት ከሁሉ ይበልጣል።

መሣሪያው ብዙ መሆን የለበትም። አንድ ሰፊ ሌንስና አንድ እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ረጅም ሌንስ ይበቃሉ፤ ሁለት ካሜራ ካለ ደግሞ በአቧራ መሐል ሌንስ መቀየር ይቀራል። የጋለ ካሜራ በምስሉ ላይ ብጥስጣሽ ነጥብ ያበዛል፣ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል። ለሽያጭ የሚነሳ ሁሉ በሮው (RAW) ፋይል ይያዛል።

ጤናን መዘንጋት አይገባም። በቆላው የወባ በሽታ አለ። በግራርና በዋልካ አፈር ስንጥቅ የምትራባው የአሸዋ ዝንብም ካላዛርን ታስተላልፋለች፤ በሽታው ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ከመሸ በኋላ ዛፍ ሥር አድብቶ የሚያነሳ ሰው አጎበር፣ ረጅም እጅጌና የተባይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። ከጉዞው በኋላ ትኩሳቱ ለሳምንታት ከቆየና ሰውነቱ ከከሳ ከመተማ እንደመጣ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ፈቃድና መብት

መተማ ዮሐንስ የድንበር ከተማ ናት። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህም የስደተኞች መግቢያ በር ሆናለች። ድልድይ፣ ኬላ፣ ወታደርና ጉምሩክ ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ የድሮን በረራም ያለ መንግሥት ፈቃድ ክልክል ነው። ወደ ፓርክ ከመገባቱ በፊት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ በዚሁ ቆላ ወደሚገኘው የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደን ከመገባቱ በፊት ከገዳሙ አባቶች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ገዳሙ ሴቶችን አያስገባም። የመንገዱን ጸጥታ በዕለቱ ከሾፌሮች መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል።

ሰው ያለበትን ፎቶ የሚመራው በሁለት አንቀጾች የቆመ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለታዋቂ ሰው፣ ለባለ ሥልጣን፣ ለሳይንስና ለባህል ጥቅም፣ እንዲሁም በሕዝብ ፊት ለተደረገ ክንውን መብቱን ያላላል። ስለዚህ የሰሊጥ አጫጁን ፊት ለዜና ማውጣትና ለዘይት ማሸጊያ መሸጥ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ለሁለተኛው በአማርኛ የተጻፈ፣ ለሰውየው የተነበበና የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። መፈረም የማይችል በጣት አሻራ ምስክር ባለበት ያረጋግጣል። የስደተኛ ፊት በተለይም የሕፃናት ለንግድ ሊቀርብ አይገባም።

የአንሺውን መብት የሚጠብቀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ፎቶግራፍን የሚጠብቀው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን አልያም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው፤ የጥበቃው ዘመንም ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስሙን ሳይጽፍ ፎቶውን በቴሌግራም የሚበትን ሰው ይህን መብት በእጁ እየጣለ ነው።

ሽያጭ

ፎቶ እንደ ሰሊጥ በኩንታል አይሸጥም። የሚሸጠው የመጠቀም መብት ነው፤ ውሉ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው አገር፣ ለስንት ቅጂ፣ ለአንድ ገዢ ብቻ ወይስ ለብዙ የሚለውን መግለጽ አለበት። ይህ ካልተጻፈ ገዢው ፎቶውን ለዘላለም የገዛ ይመስለዋል፤ በአገራችን የሚነሳው አለመግባባት በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

የውጭ ገበያ በስቶክ ድርጅቶች በኩል ይደረሳል፦ ጌቲ፣ አላሚ፣ ሻተርስቶክና አዶቤ ስቶክ ይጠቀሳሉ። ሻተርስቶክ ከግንቦት 2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንሺውን ድርሻ ከ15 በመቶ የሚጀምር አድርጎታል። በዚህ ዋጋ በሺህ የሚቆጠር ተራ ፎቶ ካልሆነ በቀር ኑሮ አይገፋም፤ ስለዚህ የቆላውን ብርቅዬ ሥራ እዚያ መበተን ኪሳራ ነው። የተሻለው በቀጥታ ለሚፈልገው መሸጥ ነው። የጎንደር ዓይነት ሰሊጥ ላኪዎች ለማሸጊያቸውና ለውጭ ደንበኞቻቸው የማሳው ፎቶ ያስፈልጋቸዋል፤ የዕጣን ላኪዎች፣ የጤና ፕሮጀክቶችና የጥበቃ ድርጅቶችም እንደዚሁ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መወሰን ከጀመረ ወዲህ በዶላር የተዋዋለ አንሺ ዋጋው ተጠብቆለታል፤ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደሚገባ ግን ከውሉ በፊት ሊረጋገጥ ይገባል።

ሽያጩን በመጨረሻ የሚወስነው መግለጫው ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ የዛፉ ወይም የእንስሳው ትክክለኛ ስም፣ የሰዎቹ ሥራና የፈቃዱ ሁኔታ ከፋይሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። በተለይ የቦታ ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ በድሮ ካርታና በሾፌሮች አፍ ሸሕዲ ናት፤ ስለዚህ ገዢው በየትኛውም ቢፈልግ እንዲያገኛት ሁለቱም ስሞች ይጻፋሉ።