የእግር ስፓ በቤትዎ፡- ሳፋው ከመቅረቡ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ

አመሻሽ ላይ ኦሎምፒያ ካለው መሥሪያ ቤቴ ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ሰው እግር ላይ ነው፡፡ ታክሲ የሚጠብቀው ሠራተኛ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሩ እየተደገፈ ይሰለፋል፡፡ ባለ ታኮ ጫማዋን በፌስታል ይዛ በነጠላ ጫማ የቀየረችም አትጠፋም፡፡ በእያንዳንዱ እግራችን ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ፡፡ ቀኑን ሙሉ ይሸከሙናል፤ እኛ ግን የምናስታውሳቸው ሲያመን ብቻ ነው፡፡

በዚህ አካባቢ “ፔዲኪዩር” የሚል ማስታወቂያ የሰቀለ የውበት ሳሎን ማግኘት አይቸግርም፡፡ እኔም ከዓመታት በፊት ከተማችን ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ሳሎን ጎራ ብዬ ነበር፡፡ ውሃው ደስ ይላል፤ ወንበሩም ያዝናናል፡፡ ይሁን እንጂ የጥፍሬ ሥር ቆዳ የተቆረጠበት መቀስ ከእኔ በፊት ከተስተናገደችው ሴት እግር ላይ በቀጥታ የመጣ ነበር፡፡ በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቴ አብጦ መግል ያዘ፡፡ አንቲባዮቲክ ወስጄ ዳንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እግሬን የምንከባከበው እቤቴ ነው፡፡

ነገሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በአንድ የጥፍር ሳሎን የተስተናገዱ ከ100 በላይ ደንበኞች እግራቸው ላይ በቀላሉ የማይድን እባጭ ወጥቶባቸው ነበር፡፡ ምንጩ ሲፈተሽ በእግር መዘፍዘፊያው ገንዳ ማጣሪያ ላይ በተከማቸ ፀጉርና ቆሻሻ ውስጥ የተራባ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሳሎን ከመሄዳቸው በፊት የእግራቸውን ፀጉር በምላጭ የተላጩት ሴቶች ደግሞ ይበልጥ ተጠቅተዋል፡፡ እቤት ውስጥ በራስዎ ሳፋና በራስዎ ጥፍር መቁረጫ ሲጠቀሙ ይህን ስጋት አብዛኛውን ይቀንሱታል፡፡

ድሮም የነበረ ነው

“የእግር ስፓ” ሲባል ከውጭ የመጣ ቅንጦት ይመስላል፡፡ ነገር ግን እግር ማጠብ የእኛ ቤት ወግ ነው፡፡ መንገድ የመጣ እንግዳ ከመቅረቡ በፊት ለብ ያለ ውሃ ይቀርብለታል፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ እግሩን አጥቦ ይስማል፡፡ በጸሎተ ሐሙስ በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ሥርዓት እስከ ዛሬ አለ፡፡ ሴቶቻችን ደግሞ ለበዓልና ለሠርግ እንሶስላ አዘጋጅተው እጅና እግራቸውን ይቀቡ ነበር፤ ቀለሙ ያስውባል፣ ተረከዝንም ያጠነክራል ይባላል፡፡

አዲስ አበባ ራሷ የሙቅ ውሃ ልጅ ናት፡፡ ከኦሎምፒያ ብዙም በማይርቀው ፍልውሃ እየተመላለሱ ይታጠቡ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወድደው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ እንድትቆረቆር ምክንያት ሆነዋል፡፡

ሙቅ ውሃ ለምን ያዝናናል?

እግር በሙቅ ውሃ ሲነከር ከቆዳው ሥር ያሉት ደም ሥሮች ይሰፋሉ፡፡ ሞቃት ደም ወደ እግር ይወርድና ሙቀቱን በቆዳ በኩል ያስወጣል፡፡ ከውሃው ከወጡ በኋላም የሰውነት የውስጥ ሙቀት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንጎላችን ይህን የመኝታ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፡፡ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው አሳይተዋል፡፡ ስለዚህ የእግር ስፓ ምርጥ ሰዓቱ ከመኝታ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው፡፡

ጨዉ፣ ሽቶውና አበባው ግን ማጀቢያ ናቸው፡፡ ፋርማሲ የሚሸጠው ኢፕሶም የተባለ ጨው ማግኒዥየም በቆዳ በኩል ያስገባል ሲባል ይሰማል፤ ይህን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ የለም፡፡ ዘና የሚያደርገው ሙቀቱና ቁጭ ማለቱ ነው፡፡

ጥያቄው፡- እግርዎ ይሰማዋል?

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር፡፡ እናቴ ስኳር ሕመም ካገኛት ብዙ ዓመት ሆኗታል፡፡ አንድ እሑድ ማታ፣ ለራሴ የማደርገውን ለእሷም ላድርግላት ብዬ ሳፋውን አቀረብኩ፡፡

“እማዬ፣ አቃጠለሽ እንዴ?” አልኳት፡፡

“ኧረ ልጄ፣ ለብ ያለ ነው፤ ትንሽ ጨምሪበት እንጂ” አለችኝ፡፡

ከማንቆርቆሪያው ጨመርኩበት፡፡ መረቀችኝ፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን ተኛን፡፡ ጠዋት ካልሲዋን ሳወልቅ የሁለት ጣቶቿና የውስጥ እግሯ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ነበር፡፡ አላመማትም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር፡፡ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ወር ያህል ክሊኒክ ተመላለስን፤ አንደኛው ጣት ይቆረጥ ይሆናል የተባለበት ሳምንትም ነበር፡፡ ደግነቱ ተረፈ፡፡ ነርሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ “ውሃውን በራስሽ እጅ ለክተሽው ነበር?” አልለካሁትም፡፡ የጠየቅሁት መስማት ያቆመውን እግር ነበር፡፡

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል የእግርን ነርቮች ይጎዳል፡፡ ሙቀት፣ ሕመም፣ የጠጠር መውጋት አይሰማም፡፡ የደም ዝውውሩም ስለሚቀንስ ትንሿ ቁስል ቶሎ አትድንም፡፡ እግር እስከመቆረጥ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእንዲህ ዓይነት ተራ ነገር ነው፡፡

መስማት አለመስማቱን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ በእንግሊዝ ኢፕስዊች ሆስፒታል ሐኪሞች የተዘጋጀ ቀላል ዘዴ አለ፡፡ ተመርማሪው ዓይኑን ይጨፍናል፡፡ እርስዎ በጣትዎ ጫፍ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት አንድ በአንድ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ብቻ፣ በስሱ ይንኩ፡፡ አይጫኑ፣ አይኮርኩሩ፡፡ ተመርማሪው ሲሰማው “ግራ” ወይም “ቀኝ” ይበል፡፡ ከስድስቱ ንክኪዎች ሁለቱና ከዚያ በላይ ካልተሰሙት ስሜቱ ቀንሷል ማለት ስለሆነ ሐኪም ይይ፡፡ ሁሉም ቢሰሙም የስኳር ሕመምተኛ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ እግሩን በባለሙያ ማስመርመር አለበት፡፡

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ የእግር ደም ሥር ችግር ያለበት፣ ወይም ክፍት ቁስል ያለው ሰው እግሩን አይዘፍዝፍ፡፡ በየቀኑ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ በተለይ የጣቶቹን መሐል በደንብ ያድርቅ፡፡ ብዙ መዘፍዘፍ ቆዳውን አለስልሶና አድርቆ ለመሰንጠቅ ያጋልጠዋል፡፡

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሁለቱንም እግር የሚይዝ ሳፋ፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ጥፍር መቁረጫና ሞረድ፣ የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ፣ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን፣ የጥጥ ካልሲ፡፡ ጨው ከወደዱ አንድ እፍኝ ይበቃል፡፡ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰውም ይህ የሚከብድ አይደለም፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ በቂ ነው፡፡

አሠራሩ

1. ሳፋውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ፡፡ የጥፍር መቁረጫውን በአልኮል ይጥረጉ፡፡ በዚያው ቀን የእግርዎን ፀጉር በምላጭ አይላጩ፡፡

2. መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውሃ፣ ቀጥሎ ሙቁን ይጨምሩ፡፡ ጤነኛ ለሆነ ሰው ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ተስማሚ ነው፡፡ ቴርሞሜትር ከሌለዎት በክርንዎ ይለኩ፤ ሕፃን እንደሚያጥቡ አድርገው ያስቡት፡፡ እግርዎ ውስጥ እያለ የፈላ ውሃ አይጨምሩ፡፡

3. ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንከሩ፡፡ ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ፡፡ በዚህ ጊዜ ጣቶችዎን መዘርጋትና ማጠፍ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ማሽከርከር የደከመውን ጡንቻ ያፍታታል፡፡

4. ተረከዝዎን በእርጥቡ በድንጋዩ በቀስታ ይፈግፍጉ፡፡ ይህ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፡፡ ደንዳናውን ቆዳ በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማንሣት ይሻላል፡፡ በምላጭ መቅረፍ ፈጽሞ አይገባም፡፡

5. ጥፍርዎን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ፡፡ ጎኑን ገብተው ከቆረጡት ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ ያድጋል፡፡ የጥፍሩን ሥር ቆዳ አይቁረጡ፤ የጀርም መግቢያ በር የሚዘጋው እሱ ነው፡፡ የእኔም አውራ ጣት የተጎዳው በዚያ በኩል ነበር፡፡

6. በፎጣ ተጭነው ያድርቁ፡፡ የጣቶች መሐል እርጥብ ከቀረ ፈንገስ ይራባል፡፡

7. ሁለቱን አውራ ጣቶችዎን ተጠቅመው ከተረከዝ ወደ ጣቶች የውስጥ እግርዎን ለአምስት ደቂቃ ያህል ይሹ፡፡ ከዚያ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ተረከዝዎንና የውስጥ እግርዎን ይቀቡ፤ በጣቶች መሐል ግን አይቀቡ፡፡ የጥጥ ካልሲ አድርገው ይተኙ፡፡

የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደረቅ በመሆኑ ተረከዝ የሚሰነጣጠቅባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፡፡ ለእነዚህ ዩሪያ ያለበት ክሬም ከፋርማሲ መግዛት ከቫዝሊን የተሻለ ውጤት ይሰጣል፡፡ ንቃቃቱ ከደማ ወይም ካመረቀዘ ግን ወደ ሐኪም ነው፡፡

ሎሚን በተመለከተ

ብዙዎቻችን እግራችንን በሎሚ እንፈገፍጋለን፡፡ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ማቃጠሉ ብቻ አይደለም ችግሩ፡፡ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ውሃ የሚቋጥር ቃጠሎና ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊያመጣ ይችላል፡፡ ከተጠቀሙ ማታ ይጠቀሙ፤ በሳሙና በደንብ ይታጠቡት፡፡

መታጠብ መድኃኒት የሚሆንላቸው

ለእኔና ለእርስዎ መዝናኛ የሆነው የሳፋ ውሃ፣ በገጠር ለሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ሕክምና ነው፡፡ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሥራት የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ “ዝሆኔ” የምንለው በሽታ አንዱ ዓይነት፣ ኢትዮጵያን በእጅጉ ከሚያጠቁ በሽታዎች መካከል ነው፡፡ ይህኛው በትንኝ አይተላለፍም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም፡፡ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ከሥራ የሚያስቀረውን ድንገተኛ የእግር ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል፡፡ ይህን ካነበብኩ በኋላ እግር መታጠብን ቅንጦት ብዬ መጥራት ከብዶኛል፡፡

ዛሬም ቅዳሜ ማታ እናቴን እግሯን አጥባታለሁ፡፡ አልዘፈዝፋትም፡፡ ውሃውን በክርኔ ለክቼ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነክቼ፣ የውስጥ እግሯን መብራት ሥር አገላብጬ አይቼ ነው የምጀምረው፡፡ እሷ እንደ ልማዷ “ትንሽ ሙቅ ጨምሪበት” ትለኛለች፡፡ እኔ ደግሞ አልጨምርም፡፡