ከዘጌ ግድግዳ እስከ ስልክ መስኮት

የአክስቴ ልጅ ቡሬ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ ኮምፒውተር የተማረ ጎልማሳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን ለእንጀራው እየሠራ፣ ሌሊት ሌሊት አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ሲሠራ ከረመ። አንዲት አህያ ሁለት ስልቻ በርበሬ ተጭና ከገጠር ወደ ቡሬ ገበያ ትወርዳለች። ወንዝ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ኬላ አለ። ጭነቱ ወንዝ ውስጥ ከወደቀ ጨዋታው አከተመ። ልጁ ሥራውን ለሽያጭ ሊያወጣ ሲቃረብ አንድ ማታ ቤቴ መጣና ስልኩን አቀበለኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ሽፋኑን እየው» አለኝ።

አየሁት። የፋሲል ግንብ አለ። ጢስ ዓባይ አለ። ጋሻና ጦር ያነገበ ጀግና፣ ከጀርባው የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ከበላይ ደግሞ በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ረጅም ርእስ። ይህ ሁሉ ከአውራ ጣቴ ጥፍር በማይበልጥ ስፋት ላይ ሰፍሯል።

«አህያዋስ?» አልኩት። ዝም አለ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ያቺ የጠፋች አህያ ናት። ሰው ገና ያላነበበውን፣ ያልሰማውን፣ ያልተጫወተውን ነገር እጁን ዘርግቶ እንዲያነሳ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጥያቄው ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ይመስለናል እንጂ በእኛ አገር ዕድሜው ረጅም ነው።

በብራናው ዘመን መጽሐፍ ደጅ ላይ ተደርድሮ አላፊ አግዳሚውን አይጠራም ነበር። በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ ቆዳ ለብሶ፣ ቆዳው ላይ መስቀል ተደቁሶበት፣ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ይሰቀላል። ዳዊት ይሁን ተአምረ ማርያም ከውጭ ላየው አይነግርም። ጌጡ በውስጥ ነው፤ ሐረጉ የሚጀምረው መጽሐፉ ከተገለጠ ወዲያ ነው። ያን ጊዜ ሰውን ከሩቅ የመጥራቱ ሥራ የግድግዳው ነበር።

ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው የምለው ይገባዋል። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ምእመኑ ግን ሥዕሉን የሚያየው በደብዛዛ ብርሃን፣ ከሰው ጀርባ ቆሞ ነው፤ አብዛኛውም ፊደል አልቆጠረም። ሠዓሊዎቹ ይህን አውቀው ሠሩ። ዙሪያው በጥቁር መስመር ይከበባል፤ ቀለሙ ጥቂትና ደማቅ ነው፤ ዓይን ከልኩ በላይ ይተልቃል። ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሳላል። ለእያንዳንዱ ቅዱስም የማይለየው ምልክት አለው። ነጭ ፈረስ ካየህ ጊዮርጊስ ነው። አንበሳና ነብር አጠገባቸው ካሉ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ስም ማንበብ አያሻም። የዛሬ የጨዋታ ሽፋን ሠሪ «ምስሉን በሙሉ ጥቁር ብትቀባው ማንነቱ በቅርጹ ይታወቃል ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የዘጌ ሠዓሊ ፈተናውን ያለፈው ድሮ ነው።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው ሰውም ከዚያው ከዘጌ የወጣ፣ ጣሊያን አገር ሥዕል የተማረ ሠዓሊ መሆኑን ሳስታውስ ሁሌም ይገርመኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ሲያሳትም የሰጠው ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ ይናገራል፤ ማን እንዳለበት ግን አይናገርም። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው «ጦቢያ» በሚል ነው፤ በልጅቱ ስም። የሠዓሊው ሰው ያላወጣላትን ፊት አንባቢ አወጣላት።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄድ ማንኩሳን ታልፋለህ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ የብዙው የአገራችን ሰው ቤት የገባው ግን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ነው። ሽፋኑን ዓይቶ የማያውቅ ሰው ሰብለንና በዛብህን ያውቃል። ለዚያ ሕዝብ የመጽሐፉ ሽፋን የወጋየሁ ድምፅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ ሽያጭና ፉክክር የገባበት በሸክላ ዘመን ነው። ሸክላ የማሳተሙ መብት በንጉሡ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አወጣ። ሸክላው ሕንድ አገር ነው የታተመው። ከዐምሃ ቀጥሎ ዓሊ ታንጎ በካይፋ ስም መጣ። ያን ጊዜ ትልቁ ሸክላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ነበረው፤ ባለ ሁለት ዘፈኑ ትንሽ ሸክላ 18 ገደማ። ካሴት ሲመጣ ሽፋኑ ቁመቱ 10፣ ወርዱ ከ6 ተኩል የማይበልጥ ሆነ። ሥዕሉ እያነሰ በሄደ ቁጥር ፊት እየጎላ መጣ። ባንዱ ወጣ፣ መድረኩ ወጣ፣ ዘፋኙ ብቻ ቀረ።

ልጅ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር በአንድ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ መቆም እወድ ነበር። ከገጠር የመጣ ገበሬ የዘፋኙን ስም አይጠራም። «ያንን ማሲንቆ ያቀፈውን ስጠኝ» ይላል። «ባለ ጥበቧን» ይላል። ቅጂ ካሴት የተሸጠ ጊዜ ሽፋኑ በፎቶ ኮፒ ስለሚባዛ ፊቱ ጠቁሮ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል፤ ያም ሆኖ ገበሬው አይሳሳትም። ማሲንቆዋ አለቻ! አንዳንድ ሻጭ ደግሞ የታወቀ ዘፋኝ ሥዕል የማይታወቅ ዘፋኝ ክር ላይ ይለጥፋል። እንዲህ ያለ ሻጭ ለአንድ ገበያ ያተርፋል፤ በሚቀጥለው ገበያ ገበሬው ከመግዛቱ በፊት «ቴፑ ላይ አሰማኝ» ማለት ይጀምራል።

ፈረንጆቹም በዚሁ ተፈትነዋል። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1977 የቤት ውስጥ መጫወቻውን ሲያወጣ ሳጥኖቹን ያስጌጠው በድንቅ የእጅ ሥዕል ነበር፤ ታንክ ሲተኩስ፣ አውሮፕላን ሲወርድ። ቤት ወስደህ ስትከፍተው ጥቂት አራት ማዕዘኖች ይንቀሳቀሳሉ። ስማችን አይጠራም ብለው ከአታሪ የወጡ ሰዎች በ1979 አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ ሳጥናቸው ላይ ያሳሉት በጨዋታው ውስጥ የሚታየውን ነገር ነበር፣ የሠሪውንም ስም ጻፉ። እኔ በበኩሌ የአታሪን ሥዕሎች እወዳቸዋለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ብሰቅላቸው ደስ ይለኛል። ገንዘቤን የምሰጠው ግን ለአክቲቪዥን ነው።

ዛሬ ሳጥኑም ቀርቷል። ጎግል ፕሌይ የሚቀበለው አይከን ጎንና ጎኑ 512 ፒክስል ነው፤ ገዥው ስልክ ላይ የሚደርሰው ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህሉ ነው። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ደግሞ ከ2022 መስከረም ጀምሮ በሽፋን ላይ ከጨዋታው ሥዕልና ከስሙ በቀር ሽልማት፣ ውዳሴ፣ የዋጋ ቅናሽ እንዳይጻፍ ከልክሏል። ያለ ትልቅ ኩባንያ ድጋፍ ለሚሠራ ሰው ይህ መልካም ዜና ይመስለኛል፤ በዚያች ቁራጭ ላይ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ቦታ አላቸው።

በአገራችን በዚህ መንገድ ቀድሞ ከሄዱት አንዱ ቅኔ ጌምስ ነው። እነዳዊት አብርሃም እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ»ን አወጡ፤ ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት ጨዋታ ነው። (ስማቸውን ከቅኔ መውሰዳቸው የዋሸራና የጎንጅ አገር ሰው በመሆኔ ትንሽ ያኮራኛል።) ስሙን ልብ በሉት። «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም!» ብሎ ያልመለሰ ልጅ ማን አለ? ሦስት ፊደል ናት፤ ዶሮዋንም ጨዋታውንም ባንድ ላይ ትጠራለች።

ፊደላችን በዚህ ጠባብ ቦታ አመል አለው። «ሊ»ን ከ«ሌ» የምትለየው አንዲት ቀለበት ናት። ረጅም ርእስ አሳንሰህ፣ ጥላ ጨምረህ፣ ወርቅ ስትቀባው ቀለበቷ ትደፈንና ቃሉ ሌላ ይሆናል። አጭር ቃል፣ ወፍራም አጣጣል፣ ከጀርባው አንድ ወጥ ቀለም፤ የቁም ጸሐፊዎች ለስም ቀይ ቀለም የለዩት ወደው አይደለም።

ለልጁ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም፤ ግማሹን ብነግረውም ይሰለቸው ነበር። «ግንቡንና ፏፏቴውን አውጣቸው፤ ጨዋታህ ውስጥ የሉም» ብቻ አልኩት። ተከፋ። የጎጃም ልጅ ሆኖ ዓባይን ከሽፋኑ ማውጣት እንደ ክህደት ታይቶት ይሆናል።

በሳምንቱ ተመለሰ። ያን ሰሞን እናቴ ከፍኖተ ሰላም መጥታ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም። ልጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ መጀመሪያ አሮጌውን ሽፋን አሳያት። «ባንዲራ ነው?» አለች። ቀጥሎ አዲሱን አሳያት፤ በብጫ መደብ ላይ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች፣ አንድ ዓይን፣ ወደ ጎን ያጋደለ ቀይ ስልቻ።

ትንሽ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ውይ፣ ጭነቷ ዘመመ እኮ ልጄ» አለችው። «የሚያቃናላት ሰው የለም?»